በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የመኪና አደጋ ቢደርስባችሁ፦ ተገቢውን የጉዳት ካሳ ለማግኘት ከአደጋው ደቂቃ እስከ ቼኩ

ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚደወለው በአደጋው ማግስት ነው። የሌላኛው ሾፌር ኢንሹራንስ ሠራተኛ፣ አጀስተር የሚባሉት፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ራሷን ታስተዋውቅና "ሀው አር ዩ ቱዴይ?" ትላለች። አንገቱን ማዞር ያቃተው፣ ሌሊቱን ሶፋ ላይ ተደግፎ ያነጋው ወገናችን ከልጅነቱ የለመደውን ይመልሳል፦ "አይ አም ፋይን፣ ታንክ ጋድ።" ንግግሩ ይቀዳል። ከወራት በኋላ ለአንገቱ ካሳ ሲጠይቅ ያቺ ቃል ተጽፋ ትጠብቀዋለች። "እባክህ ስልክ አስተርጉምልኝ" ከሚሉ ወዳጅ ዘመዶች አጠገብ ተቀምጬ ይህን ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ሁልጊዜም ያንገበግበኛል።

ይህ መመሪያ በሌላ ሰው ጥፋት አካላችሁ ለተጎዳ፣ በዲሲ፣ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ነው። በሌሎች ስቴቶች ሕጉ ስለሚለይ ቁጥሮቹን ወደዚያ አትውሰዱ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ከባድ ጉዳት ከደረሰባችሁ ደረጃ 7ን አሁኑኑ አንብቡና ወደ ጠበቃ ደውሉ።

አስቀድማችሁ እወቁ፦ የአንድ ፐርሰንት ጥፋት

በብዙ ስቴቶች ለአደጋው 20 ፐርሰንት አስተዋጽኦ ያደረገ ሰው ከካሳው 20 ፐርሰንት ይቀነስበታል። እኛ ያለንበት አካባቢ ግን ሕጉ ጨካኝ ነው። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ መኪና ስትነዱ የነበራችሁ ሰዎች ለአደጋው በጥቂቱም ቢሆን፣ አንድ ፐርሰንት እንኳ፣ ምክንያት ከሆናችሁ ሙሉ ካሳው ሊቀርባችሁ ይችላል። ዲሲ በ2016 ባወጣው ሕግ ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች አቅልሎታል፤ እነሱ ካሳ የሚከለከሉት ጥፋታቸው ከግማሽ በላይ ከሆነ ነው። ለሾፌር ግን ያው ነው።

ስለዚህ አጀስተሯ የምትፈልገው ያቺን አንድ ፐርሰንት ነው። እኛ ደግሞ በገዛ አፋችን እንሰጣታለን። ሰው ሲደነግጥ ስናይ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እንላለን፤ "አይዞህ፣ አዝናለሁ" ማለታችን ነው። በእንግሊዝኛ "አይ አም ሶሪ" ብላችሁ ፖሊሱ ከሰማ ግን ጥፋታችሁን እንዳመናችሁ ተደርጎ ሊጻፍ ይችላል።

ደረጃ 1፦ አደጋው ቦታ ላይ

1. ከትራፊኩ ራቁ፣ 911 ደውሉ። የሚያማችሁ ነገር ካለ በግልጽ ተናገሩ፤ ጉዳት የሌለበት ቀላል ግጭት ከመሰላቸው ፖሊስ ላይመጣ ይችላል። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ" በሉ። አስተርጓሚ በስልክ ያገናኟችኋል።

2. ሌላኛው ሾፌር "ፖሊስ ምን ያደርጋል፣ እኔ በኪሴ እከፍልሃለሁ" ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ነገ ስልኩን አያነሳም።

3. መኪናዎቹ ሳይንቀሳቀሱ ፎቶ አንሱ። አራቱንም አቅጣጫ፣ ታርጋዎቹን፣ መብራቱን ወይም የስቶፕ ምልክቱን፣ መሬት ላይ ያለውን የፍሬን ምልክትና ስብርባሪ፣ የሌላውን ሾፌር መንጃ ፈቃድና የኢንሹራንስ ካርድ፣ የራሳችሁን ቁስልና ሰንበር አንሱ።

4. ያየ ሰው ካለ ስሙንና ስልኩን ያዙ። ምስክር ፖሊስ እስኪመጣ አይቆምም።

5. ዙሪያውን ቀና ብላችሁ ካሜራ ፈልጉ። የነዳጅ ማደያና የሱቅ ካሜራዎች ቀረጻቸውን በቀናት ውስጥ በላዩ ይቀዱበታል። በዚያው ቀን ሄዳችሁ ቀረጻው እንዲቀመጥላችሁ ጠይቁ፤ እንቢ ካሉ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ስጧቸው።

6. ለፖሊሱ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፦ "መብራቱ አረንጓዴ ነበር፣ ቀጥታ እየሄድኩ ነበር፣ ከግራ መጥቶ መታኝ።" ፍጥነታችሁን እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትገምቱ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የዲሲ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ከ2004 ጀምሮ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ የደነገጠ የአሥር ዓመት ልጅ ግን ቀኙን ከግራው ያምታታል።

7. የሪፖርቱን ቁጥርና የፖሊሱን ስም ሳትይዙ አትሂዱ።

*ይህ ሁሉ ካመለጣችሁ፦* በዚያው ቀን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። በማግስቱ በተመሳሳይ ሰዓት ወደ ቦታው ተመልሳችሁ ፎቶ አንሱ። ሪፖርቱ ሲወጣ አስነብቡት፤ የተሳሳተ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የመጣችሁበት አቅጣጫ ተገልብጦ ከተጻፈ፣ ፖሊሱን ማስተካከያ ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። በድንጋጤው ምክንያት የመጀመሪያው ቀን ሕመሙ አይሰማም፤ አንገትና ወገብ የሚይዙት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። እኛ ደግሞ "ትንሽ አረፍ ስል ይተወኛል" ብለን ሦስት ሳምንት እንቆያለን። ለኢንሹራንሱ ያ ሦስት ሳምንት ትልቅ መከራከሪያ ነው፦ "አሞት ቢሆን ኖሮ ይሄድ ነበር።"

ሐኪሙ ፊት ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ተናገሩ። በጣም የሚያማችሁን አንዱን ብቻ አትናገሩ፤ ያልተጻፈ ሕመም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ጉልበታችሁ ዳሽቦርዱን ከመታው፣ ራሳችሁን ካዞራችሁ፣ ለሰከንድም ቢሆን ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ እንቅልፍ ካጣችሁ ሁሉንም ዘርዝሩ። "ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ያማል?" ሲባል አትኩራሩ፣ አታጋኑም። ማስነጠስ ወገባችሁን የሚሰነጥቀው ከሆነ "ስቀመጥ 4፣ ሳስነጥስ 9" በሉ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ከምዝገባው መስኮት ጀምሮ ጠይቁ።

ጸበል ሂዱ፣ ጸልዩ፤ ወጌሻ የምታምኑም ትኖራላችሁ፤ ነገር ግን በሐኪም ቀጠሮ ቦታ አይተኩ። የተሰበረን ወይም የተጎዳን አከርካሪ ያለ ራጅ ማሸት አደገኛ ነው። ወጌሻ የጻፈውን ወረቀት የሚቀበል ኢንሹራንስም የለም። ፊዚካል ቴራፒ በሳምንት ሁለቴ ከታዘዘላችሁ ሁለቴ ሂዱ። መቅረት ግድ ከሆነ ደውላችሁ አስቀይሩ፤ ዝም ብሎ የቀረ ሰው ፋይል ላይ "አልመጣም" ተብሎ ይጻፋል።

*የጤና ኢንሹራንስ ከሌላችሁ፦* የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የመክፈል አቅማችሁን ምክንያት አድርጎ ሳይመረምር ሊመልሳችሁ አይችልም። ለክትትሉ በገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ። የመኖሪያ ወረቀት አለመኖርም ካሳ ከመጠየቅ አይከለክልም።

*ዘግይታችሁ ከሆነ፦* አሁንም ሂዱ። የዘገያችሁበትን እውነተኛ ምክንያት፣ ከሥራ መቅረት ስላስፈራችሁ ይሁን ገንዘብ ስለሌላችሁ፣ ሐኪሙ እንዲጽፈው አድርጉ።

ደረጃ 3፦ ለራሳችሁ ኢንሹራንስ አሳውቁ

"ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ ለምን ለራሴ እደውላለሁ?" የሚል ብዙ ነው። ደውሉ። ውላችሁ ያስገድዳችኋል፤ የምትፈልጉትም ገንዘብ እዚያ ሊኖር ይችላል።

በሜሪላንድ ፒአይፒ የሚባለው ሽፋን በጽሑፍ ካልተዋችሁት በስተቀር ቢያንስ 2,500 ዶላር ይዟል። ጥፋተኛው ማንም ይሁን ለሕክምናና ለቀረ ደሞዝ ይከፍላል። ቨርጂኒያ ያላችሁ ሜዲካል ፔይመንትስ (የሕክምና ወጪ ሽፋን) የሚል መስመር በውላችሁ ላይ ፈልጉ።

ዲሲ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ፒአይፒ ለመውሰድ የምትወስኑት በ60 ቀን ውስጥ ነው። ፒአይፒን ከመረጣችሁ ደግሞ ጉዳቱ ከባድ ካልሆነ ወይም ወጪው ከሽፋኑ ካልበለጠ ጥፋተኛውን የመክሰስ መብታችሁ ይገደባል። ይህን ፎርም ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ ይየው።

መትቶ የሄደ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ከሆነ የራሳችሁ ውል ውስጥ ያለው "አንኢንሹርድ ሞተሪስት" የተባለው ሽፋን ይተካዋል። የመታችሁ ሰው ሽፋን ትንሽ ከሆነም "አንደርኢንሹርድ" የሚለው ልዩነቱን ሊሞላ ይችላል።

*ኡበርና ሊፍት ለምትሠሩ፦* የትኛው ኢንሹራንስ እንደሚከፍል የሚወስነው በዚያች ደቂቃ አፑ የነበረበት ሁኔታ ነው። ተሳፋሪ ይዛችሁ ወይም ልታነሱ እየሄዳችሁ ከነበረ የኩባንያው የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽፋን አለ። አፑን ከፍታችሁ ጥሪ እየጠበቃችሁ ከነበረ ሽፋኑ በጣም ያንሳል። አፑ ከተዘጋ የግል ኢንሹራንሳችሁ ብቻ ነው። አደጋው እንደደረሰ የአፑን ገጽ ስክሪንሾት አንሱ። ተሳፋሪ ለነበራችሁም ይኸው ነው፤ የጉዞውን ደረሰኝ አትሰርዙ።

ደረጃ 4፦ የሌላኛው ኢንሹራንስ ሲደውል

ለእነሱ የተቀዳ ቃል የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። ስማችሁን፣ አድራሻችሁን፣ የአደጋውን ቀንና ቦታ ስጡ፤ የክሌም ቁጥሩንና የአጀስተሯን ስም ያዙ። "ሀው አር ዩ?" ስትባሉ መልሱ አንድ ነው፦ "አይ ዋዝ ኸርት። አይ አም ጌቲንግ ትሪትመንት።" ቃላችሁን ልቅዳ ካለች፦ "ኖ ሪኮርዲንግ፣ ፕሊስ። ሴንድ ሚ ኤ ሌተር።" ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። የቤቱ ሰው ሁሉ ያንብበው፤ አንዳንዴ ስልኩን የሚያነሳው ሌላ ነው።

ሁለት ወረቀቶች ይላክላችኋል፤ ሁለቱንም አትፈርሙ። አንዱ የሕክምና መዝገባችሁን ሁሉ እንዲያዩ የሚፈቅድ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ወገባችሁን ታክማችሁ ከሆነ "የቆየ በሽታ ነው" የሚሉት ከዚያ አግኝተው ነው። የሚያስፈልጋቸውን የዚህን አደጋ መዝገብ መርጣችሁ የምትልኩት እናንተ ናችሁ። ሁለተኛው ሪሊዝ የሚባለው፣ ከእንግዲህ ሌላ ካሳ አልጠይቅም ብላችሁ የምትፈርሙበት ነው፤ ለምሳሌ የ1,000 ዶላር ቼክ አብሮት ሊመጣ ይችላል። ከፈረማችሁ በኋላ ዲስክ መንሸራተቱ በኤምአርአይ ቢታይ እንኳ ተመልሳችሁ መጠየቅ አትችሉም።

የመኪናው ጥገና ጉዳይ ለብቻው ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ግን የምትፈርሙት ወረቀት የንብረት ጉዳትን ብቻ የሚል መሆኑን አንብቡ። "ኦል ክሌምስ" (ሁሉንም የካሳ ጥያቄ) የሚል ካለበት ብዕሩን አስቀምጡ።

ደረጃ 5፦ ፋይልና ማስታወሻ

አንድ ክላሰር ግዙ። ቢሎች፣ ደረሰኞች፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የፓርኪንግና የታክሲ ደረሰኝ፣ ከሥራ የቀራችሁባቸውን ቀናትና ሰዓታት የሚገልጽ የአሠሪ ደብዳቤ ሁሉ እዚያ ይግቡ። በራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ከአደጋው በፊት የነበሩትን ወራት የሳምንት ገቢ ዝርዝርና የታክስ ወረቀት አቅርቡ። እዚህ ላይ መራራ እውነት አለ፦ ለታክስ ዝቅ ያለ ገቢ ያስመዘገበ ሰው ከዚያ በላይ "ቀረብኝ" ቢል ማሳመን ይከብደዋል።

ከዚያ ደብተር ያዙ። በየቀኑ ሁለት ሦስት መስመር በአማርኛ ጻፉ፤ ኋላ ይተረጎማል። "ዛሬም ያመኛል" የሚለው ምንም አያሳይም። አንዲት እናት የጻፉትን አይቻለሁ፦ "ጀበናውን በቀኝ እጄ ማንሳት አቅቶኝ ልጄ ቀዳችልኝ። እሁድ ቅዳሴ መቆም አልቻልኩም፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ አስቀደስኩ። በዐቢይ ጾም አልሰገድኩም፤ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ቀርቶብኝ አያውቅም።" የእኚህ ሴት ትከሻ ምን እንዳሳጣቸው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የሐኪም ወረቀት የለም። ሱጁድ ያቃተው፣ ልጁን ማቀፍ ያልቻለ፣ ሊጥ ማቡካት የተወች ሁሉ እንዲህ ይጻፍ።

ስለ አደጋው ፌስቡክም ቲክቶክም ላይ ምንም አትለጥፉ። በሰርግ ላይ ለአሥር ሰከንድ እስክስታ የወረዳችሁበት ቪዲዮ ከለጠፋችሁ፣ በማግስቱ ከአልጋ አለመነሳታችሁን ቪዲዮው አያሳይም። ወዳጆቻችሁም ታግ እንዳያደርጓችሁ ንገሯቸው። የለጠፋችሁት ካለ ግን አታጥፉት፤ ማስረጃ ማጥፋት ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ደረጃ 6፦ ቀኑን ካላንደር ላይ ክበቡት

ክስ የመመሥረቻው ጊዜ በቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ በሜሪላንድና በዲሲ 3 ዓመት ነው። አጀስተሯ "እያየነው ነው" ማለቷ ሰዓቱን አያቆመውም፤ የሚያቆመው ፍርድ ቤት የገባ ክስ ነው። የመታችሁ የመንግሥት መኪና ከሆነ በጽሑፍ የማሳወቂያው ጊዜ በጣም ያጥራል፦ ለዲሲ አስተዳደር 6 ወር፣ ለቨርጂኒያ ከተሞችና ካውንቲዎች 6 ወር፣ ለሜሪላንድ 1 ዓመት። በቆሻሻ መኪና፣ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ወይም በፖሊስ መኪና ከተመታችሁ በዚያው ሳምንት ጠበቃ ያዙ።

ደረጃ 7፦ ጠበቃ መቼ?

ለሁለት ሳምንት የቆየ የጡንቻ ሕመም ከሆነና ጥፋተኛው ግልጽ ከሆነ ራሳችሁ ልትጨርሱት ትችላላችሁ። አጥንት ከተሰበረ፣ ቀዶ ሕክምና ከተነሳ፣ ራስ ከተመታ፣ ሕፃን ከተጎዳ ወይም "አንተም ጥፋት አለብህ" ከተባላችሁ ግን ብቻችሁን አትግቡበት። በአንድ ፐርሰንቱ ሕግ ምክንያት የመጨረሻው በተለይ አደገኛ ነው።

የአካል ጉዳት ጠበቆች ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቁም፤ የተለመደው ከሚገኘው አንድ ሦስተኛ ሲሆን፣ ክስ ከተመሠረተ እስከ 40 ፐርሰንት ይደርሳል። ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ብንሸነፍ ወጪውን ማን ይከፍላል? ድርሻህ የሚሰላው ወጪው ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ፋይሌን የሚይዘው አንተ ነህ ወይስ ረዳትህ? በስቴቱ ባር (የጠበቆች ማኅበር) ፈቃዱ የጸና መሆኑን በኢንተርኔት አረጋግጡ። ሆስፒታል ድረስ መጥቶ "ጥሩ ጠበቃና ክሊኒክ አውቃለሁ" የሚላችሁን ሰው፣ አማርኛ ስለተናገረ ብቻ አትከተሉት። እሱ የሚከፈለው ባመጣው ሰው ቁጥር ነው።

*ጠበቃችሁ ለወራት ካልደወለላችሁ፦* ጥያቄያችሁን በጽሑፍ በኢሜል ላኩ፤ መልስ ካጣችሁ መቀየር ትችላላችሁ። ክፍያው በአብዛኛው ለሁለቱ ይካፈላል እንጂ እናንተ ሁለት ጊዜ አትከፍሉም፤ አዲሱ ጠበቃ ይህን በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ።

ደረጃ 8፦ ሂሳቡና ዲማንድ ሌተሩ

ሕክምናው ሳያልቅ፣ ወይም ሐኪሙ "ከዚህ በላይ አይሻልም" ሳይል ገንዘብ አትጠይቁ። የሚቀረውን ሕክምና ሳታውቁ ዋጋ ልትተምኑ አትችሉም።

መጀመሪያ በወረቀት የሚረጋገጠውን ደምሩ። ለምሳሌ ሕክምና 8,600፣ የቀረ ገቢ 4,200፣ መድኃኒትና ትራንስፖርት 300፣ ድምሩ 13,100 ዶላር። ጤና ኢንሹራንስ የከፈለውን ሳይሆን ሙሉውን ቢል ጻፉ። በዚህ ላይ ስለ ሕመሙና ስለ ተስተጓጎለው ኑሮ ትጨምራላችሁ። "ሕክምናውን በሦስት አባዙት" የሚባለው ሕግ አይደለም። ደብተራችሁ፣ የሐኪሙ አስተያየትና ጉዳቱ የቆየበት ጊዜ ነው የሚወስነው።

የሚገኘው ገንዘብ ጥፋተኛው በገዛው ሽፋን ልክ መሆኑንም አስቡ። ለአንድ ተጎጂ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ሽፋን በዲሲ 25,000፣ በሜሪላንድ 30,000፣ በቨርጂኒያ ከጥር 1 ቀን 2025 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ 50,000 ዶላር ነው።

ካሳውን የምትጠይቁበት ደብዳቤ፣ ዲማንድ ሌተር የሚባለው፣ ከሁለት ከሦስት ገጽ አይብለጥ፦ አደጋው እንዴት እንደደረሰ፣ ለምን ጥፋቱ የእነሱ ደንበኛ እንደሆነ፣ ጉዳቱ፣ ሕክምናው በቀን ቅደም ተከተል፣ ሂሳቡ፣ ከደብተሩ የተወሰዱ ሁለት ሦስት ቀናት፣ የምትጠይቁት መጠን፣ መልስ የምትጠብቁበት ቀን። ለድርድር ቦታ ትታችሁ ጠይቁ። ኮፒ ላኩ፣ ዋናውን አትስጡ፤ በሰርቲፋይድ ሜይል ይሂድ።

ደረጃ 9፦ ድርድሩ

የመጀመሪያው መልስ ዝቅ ያለ ይሆናል። አትቆጡ፣ አትቀበሉም። "ይህን ቁጥር እንዴት አገኛችሁት? የትኛውን ቢል ቀነሳችሁ? ለምን?" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የቀነሱበትን ምክንያት በሰነድ መልሱ፤ ለምሳሌ ቴራፒው በዝቷል ካሉ ሐኪሙ ለምን እንዳዘዘ አጭር ደብዳቤ ይጻፍ። እናንተ ዝቅ የምትሉት እነሱ ከፍ ካሉ በኋላ ብቻ ይሁን፤ እነሱ ሳይጨምሩ በተከታታይ ሁለት ጊዜ አትቀንሱ።

*ዝም ካሉ፦* በሜሪላንድ ለኢንሹራንስ አስተዳደሩ፣ በቨርጂኒያ ለስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን የኢንሹራንስ ቢሮ፣ በዲሲ ለኢንሹራንስ፣ ሴኩሪቲስና ባንኪንግ መሥሪያ ቤት አቤቱታ አስገቡ። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አይፈርዱም፤ ኩባንያው መልስ እንዲሰጥ ግን ያደርጉታል። ካልተስማማችሁ በሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት እስከ 30,000፣ በቨርጂኒያ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት እስከ 50,000 ዶላር ድረስ ከትልልቆቹ ፍርድ ቤቶች በፈጠነና ወጪው ባነሰ መንገድ መክሰስ ይቻላል።

ደረጃ 10፦ ከፊርማው በፊት፣ ከቼኩ በኋላ

ቁጥሩ ከተስማማችሁ በኋላ ሌላ ሂሳብ ይመጣል። 30,000 ዶላር ተስማምታችሁ እንበል። ጠበቃ 10,000፣ የመዝገብና የፖስታ ወጪ 600፣ ያልተከፈለ ሕክምና 7,400 ቢወጣ በእጃችሁ የሚገባው 12,000 ነው። ይህን ዝርዝር ከፊርማው በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ሲጠየቁ ቢላቸውን ብዙ ጊዜ ይቀንሳሉ፤ ጠበቃችሁ መጠየቁን አረጋግጡ። ሜዲኬድ ወይም ሜዲኬር ከከፈለላችሁ ገንዘቡን መልሶ ይጠይቃል፤ በመደበቅ አይታለፍም።

የጥፋተኛው ሽፋን አልበቃ ብሎ "አንደርኢንሹርድ" ሽፋናችሁን ልትጠቀሙ ከሆነ፣ ሪሊዙን ከመፈረማችሁ በፊት ለራሳችሁ ኢንሹራንስ በጽሑፍ አሳውቁና ፈቃዳቸውን አግኙ። ሳይጠይቁ ፈርመው ሁለተኛውን ካሳ ያጡ አሉ።

ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ) የሚያገኙ እናትና አባት ካሏችሁ ቼኩ ባንክ ከመግባቱ በፊት ጠበቃ አማክሩ፤ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ተቀማጭ 2,000 ዶላር ብቻ ስለሆነ ድጎማው ሊቋረጥ ይችላል። በአካል ጉዳት የተገኘ ካሳ በአጠቃላይ የፌዴራል ገቢ ታክስ የለበትም።

ቼኩ ከገባ ከወር በኋላ ወደ እያንዳንዱ ክሊኒክ፣ አምቡላንስና ራጅ ቤት ደውላችሁ ቀሪ ሂሳባችሁ ዜሮ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አስልኩ። የራጅ ሐኪሙ ቢል ከሆስፒታሉ ተለይቶ እንደሚመጣ አትርሱ፤ ወደ ኮሌክሽን የሚሄደው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ደብዳቤዎቹን ክላሰሩ ውስጥ ጨምሯቸው፣ ክላሰሩንም አትጣሉት።